አንድ ዓይነት ህዋስ፣ ሁለት ላብ (ላብራቶሪ)፣ ሁለት ውጤት፦ በስቴም ሴል መሠረታዊ ምርምር ከሌላ አገር ጋር መሥራት ምን ያስገኛል?

ፍካት

ሰላም ለሁላችሁም። የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የምንመረምረው ማንኛውንም የሰውነት ህዋስ መሆን የሚችል ስቴም ሴል "ነርቭ እሆናለሁ" ብሎ እንዴት እንደሚወስን ነው። መሠረታዊ ምርምር ነው፤ መድኃኒት አንሠራም፣ በሽተኛ አናክምም። ሥራውን የያዝነው በሌላ አገር ካለ ላብ ጋር ሆነን ነው። ሴል ላይኑ (ከአንድ መነሻ ተገኝቶ ላብ ውስጥ እየተባዛ የሚቀጥለው የህዋስ ዘር) ከአንድ ክምችት የወጣ ነው፣ ፕሮቶኮሉ (የአሠራር መመሪያው) አንድ ነው፣ ህዋሱ የሚያድግበትን ፈሳሽ፣ ሚዲየሙን እንኳ ተመካክረን ከአንድ የምርት ቁጥር ነው የገዛነው። እነሱ ጋ ህዋሳቱ ቀናቸውን ጠብቀው ነርቭ ይሆናሉ። እኛ ጋ ይዘገያሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ጭራሽ ሌላ መንገድ ይይዛሉ።

ላባችን ውስጥ ሐሳቡ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን "ይህን ሁሉ ኢሜይል ከምንጻጻፍ ብቻችንን ብንሠራው ኖሮ እስካሁን ጽፈን በጨረስን ነበር" ይላል። እኔ ግን ልዩነቱ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው ባይ ነኝ። ብቻችንን ብንሆን መዘግየቱን የህዋሱ ተፈጥሮ ነው ብለን ጽፈን እናወጣው ነበር። ያየነው ነገር የህዋሱ ባሕርይ ይሁን የላባችን ልማድ የሚለየው ሌላ ሰው፣ በሌላ ቦታ፣ በሌላ እጅ ሲሠራው ነው። ስቴም ሴል ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ ዙሪያው የሚነግረውን ሁሉ ሰምቶ የሚወስን ህዋስ ነውና።

ከውጭ ቡድን ጋር የሠራችሁ፣ ምን አገኛችሁበት? ምንስ አስከፈላችሁ? ለላባችን ስብሰባ የማቀርበው ስለሆነ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ኢንኩቤተር37

እህቴ ፍካት፣ ያጋጠማችሁ ነገር እናንተ ጋ ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት አለ (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። አምስት ላብራቶሪዎች ተመሳሳይ የአይፒኤስ ሴል ላይኖችን ተካፈሉ፤ ከአዋቂ ሰው ተወስደው ወደ ስቴም ሴልነት የተመለሱ ህዋሳት ማለት ነው። በአንድ ፕሮቶኮል ወደ አንጎል ቅርፊት ነርቮች አሳደጓቸውና የጂኖቹንና የፕሮቲኖቹን መጠን አነጻጸሩ። ትልቁ የልዩነት ምንጭ የህዋሱ ባለቤት የሆነው ሰው አልነበረም፤ ሥራው የተሠራበት ላብ ነበር። የአንድን በሽታ ጂን ውጤት ፈልገው የተነሱ ሰዎች መጀመሪያ ያገኙት የራሳቸውን እጅ ነው።

እኔ ከሁለት አገር ቡድኖች ጋር ሠርቻለሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚደበቀው ፕሮቶኮሉ ላይ በአንድ መስመር የምትታለፍ ነገር ውስጥ ነው። ለምሳሌ "ህዋሳቱን አላቁና አዛውሩ" የምትለው። ማላቀቂያውን ጨምረሽ በማይክሮስኮፕ ስትመለከቺ መጀመሪያ የኮሎኒው (ተጣብቀው ያደጉት ህዋሳት) ጠርዝ ብርሃን እያወጣ ትንሽ ይጠቀለላል፤ ቀጥሎ በህዋስና በህዋስ መካከል ቀጭን ክፍተት ይታያል። አንዱ ሰው ጠርዙ እንደበራ ፈሳሹን መጥጦ ያወጣል። ሌላው ክፍተቱ መሀል ድረስ እስኪገባ ይጠብቃል። ልዩነታቸው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። የመጀመሪያው ሰው ህዋሳቱን እንደተጣበቁ በትናንሽ ጓል ያዛውራቸዋል፣ የሁለተኛው አንድ በአንድ ተበታትነው ይሄዳሉ። በማግስቱ የሞቱትና የተረፉት ቁጥር ይለያያል። ስለዚህ ወደ ነርቭ ማሳደጉ ሲጀመር ሳህኑ ላይ ያለው የህዋስ ጥግግት ይለያያል፤ ጥግግት ደግሞ ህዋሱ ነርቭ ልሁን ሌላ ልሁን ብሎ የሚወስንበት አንዱ ምልክት ነው። ሁለቱም ሰዎች ግን መዝገባቸው ላይ "በፕሮቶኮሉ መሠረት" ብለው ነው የሚጽፉት።

ምክሬ፦ ቫያል (የቀዘቀዘ ህዋስ የሚቀመጥበት ትንሽ ብልቃጥ) ብቻ አትለዋወጡ፣ ሰው ተለዋወጡ። አንድ ሰው ከእናንተ ሄዶ እነሱ አጠገብ ቆሞ ይሥራ፤ ቢያንስ ቢያንስ ማላቀቂያው ላይ እጃቸውንና የማይክሮስኮፑን ምስል ቀርጻችሁ ተላላኩ።

አጥናፍ

ዘርፉ ገና ከጅምሩ በብዙ አገር እጅ የተሠራ ነው። በ1998 ጄምስ ቶምሰን ዊስኮንሲን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አምስት የሰው ፅንስ ስቴም ሴል ላይኖች ሲያወጣ ከጽሑፉ ባለቤቶች አንዱ የሃይፋው (እስራኤል) ሐኪም ጆሴፍ ኢትስኮቪትዝ-ኤልዶር ነበር። ከፅንሶቹ ከፊሎቹ ከዚያው ከሃይፋ የመጡ ናቸው። በ2000 የወጣው ሁለተኛው ትልቅ ሥራ ደግሞ የሲንጋፖር፣ የሜልቦርንና የኢየሩሳሌም ተመራማሪዎች የጋራ ሥራ ነበር። በወቅቱ አንዱ ጋ ፅንስ የማሳደግ ልምድ አለ፣ ሌላው ጋ ስለ ስቴም ሴል ባሕርይ የካበተ ዕውቀት አለ፤ አንድም ቤት ሁሉን አሟልቶ አልያዘም።

ሺንያ ያማናካ የአይጥ ጂን የመለወጥን ሙያ የተማረው ሳን ፍራንሲስኮ፣ ግላድስቶን ተቋም ነው። ጃፓን ተመልሶ በ2006 ከ24 እጩ ጂኖች አራቱን ለየ፦ ኦክት3/4፣ ሶክስ2፣ ኬኤልኤፍ4 እና ሲ-ሚክ። ነገር ግን ጥያቄው የቆመው በ1962 ጆን ጎርደን በእንግሊዝ በእንቁራሪት ላይ ባሳየው ነገር ላይ ነበር፤ የበሰለ ህዋስ ኒውክለስ እንደገና ሙሉ እንስሳ ማስገኘት እንደሚችል። የ2012ን ኖቤል ሁለቱ የተካፈሉትም ለዚህ ነው።

ኢንኩቤተር37 "ሰው ተለዋወጡ" ያለውን እኔም አጠናክራለሁ። ቶሺሮ ሳቶ ከጃፓን ሄዶ ኡትሬክት (ኔዘርላንድስ) በሃንስ ክሌቨርስ ላብ ውስጥ ባይቀመጥ ኖሮ፣ በ2009 ከአንዲት የአንጀት ስቴም ሴል ብቻ ትንሽ አንጀት መሰል ኦርጋኖይድ የወጣበት ሥራ በዚያ መልኩ መምጣቱን እጠራጠራለሁ። አንዱ ጋ የህዋሱ መለያ ምልክት ነበር፣ ሌላው ይዞት የመጣው ደግሞ ህዋሱ ከሰውነት ውጪ ምን እንደሚፈልግ ማወቁን ነው።

ሚዛን

የአጥናፍን ታሪክ አልክድም፤ ድምዳሜው ላይ ግን አልስማማም። ዘርፉ ውስጥ ጠንካራ ማስረጃ የሚባሉትን ተመልከቱ። በ1981 የአይጥ ፅንስ ስቴም ሴል በካምብሪጅ በኢቫንስና በካውፍማን፣ በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በጌል ማርቲን ተገኘ። ተባብረው አይደለም፤ ለየብቻ ነው። በ2007 የሰው አይፒኤስ ሴል ከኪዮቶና ከዊስኮንሲን በአንድ ቀን ይፋ ሆነ። የጂኖቹ ዝርዝር እንኳ አንድ አይደለም፤ ቶምሰን ናኖግንና ሊን28ን ነው ያስገባው። ያመንነው ሁለት የማይመካከሩ ቡድኖች አንድ ነገር ላይ ስለደረሱ ነው። ቢመካከሩ ኖሮ አንድ ምስክር ነበር የምንቆጥረው።

የትብብር ስም ማንንም አላዳነም። በ2004 እና በ2005 ከደቡብ ኮሪያ የወጡት፣ በክሎኒንግ ከተቀዳ የሰው ፅንስ ስቴም ሴል አወጣን ያሉት ጽሑፎች በ2006 መጀመሪያ ተሰርዘዋል፤ የ2005ቱ ላይ አሜሪካዊ የጋራ ጸሐፊ ነበረበት። የ2014ቱ ስታፕም (ተራ ህዋስን በአሲድና መሰል ጫና ወደ ስቴም ሴልነት መለስን ያለው ሥራ) የጃፓንና የቦስተን የጋራ ሥራ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተሰርዟል። አንዱ ሌላውን እየተማመነ ማንም ሳያጣራ ይቀራል። ስለዚህ ፍካት፣ የላብ ጓደኞችሽ ጨርሶ የተሳሳቱ አይመስለኝም።

የዘርክር

ሚዛን ያነሳኸው ውሃ የሚያነሳ ነጥብ ነው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠራሃቸው። አንዱ ጽሑፍ ላይ ስም መጋራት ነው። ሌላው ህዋስ ተጋርቶ እያንዳንዱ በየቤቱ መፈተን ነው። ስታፕን ያነሳህ እንደሆነ መጨረሻውንም እንየው፦ በ2015 በተለያዩ አገሮች ያሉ ሰባት ላቦች ያደረጓቸውን 133 ሙከራዎች በአንድ ላይ አቀረቡ፤ አንዱም አልተሳካም። ያ ትብብር ነው። አንድ ላብ ብቻ "አልሆነልኝም" ቢል "አሠራሩን አታውቅበትም" ይባል ነበር፤ ሲባልም ነበር።

እኔ ለዚህ ክር ዋናው ምሳሌ የምለው ግን የዓለም አቀፉ የስቴም ሴል ኢኒሼቲቭ ሥራ ነው፤ የሼፊልዱ ፒተር አንድሩስ ያስተባበረው። መጀመሪያ በ2007 ከ17 ላቦች የመጡ 59 የሰው ፅንስ ስቴም ሴል ላይኖችን ጎን ለጎን አነጻጸሩ። ቀጥለው በ2011፣ ከ38 ላቦች የመጡ 125 የፅንስ ስቴም ሴልና 11 የአይፒኤስ ላይኖችን፣ አብዛኞቹን አንዴ ገና በጠዋቱ፣ አንዴ ብዙ ጊዜ ከተባዙ በኋላ ፈተሿቸው። ከ20 በመቶ በሚበልጡት ላይኖች ክሮሞዞም 20 ላይ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ተደጋግማ ተገኘች።

ቆም ብላችሁ አስቡት። እያንዳንዱ ላብ በራሱ ዓይን ያየው አንድ ወይም ሁለት ላይን ላይ የተፈጠረ የአጋጣሚ ለውጥ ነው። ቁራጯ በጣም ትንሽ ስለሆነች በተለመደው የክሮሞዞም ምርመራ ብዙ ጊዜ አትታይም። ከብዙ አገር የመጡት አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን አጋጣሚ አለመሆኑ ታወቀ፦ እዚያ ቁራጭ ውስጥ ቢሲኤል2ኤል1 የሚባል፣ ህዋስን ከሞት የሚከላከል ጂን አለ። አንድ ትርፍ ቅጂ ያገኘ ህዋስ በየዝውውሩ ጎረቤቶቹ ሲሞቱ እሱ ይተርፋል፤ ጥቂት ዝውውር ካለፈ በኋላ ሳህኑን የሚሞላው የእሱ ዘር ነው። ይህ የጥራት ቁጥጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ባዮሎጂ ነው። የሰው ስቴም ሴል ከጎረቤቱ ሲነጠል ሞት ምን ያህል እንደሚቀርበው፣ ምርጫውም በምን በኩል እንደሚያልፍ የነገረን እሱ ነው።

ፍካት፣ የእናንተን ላይን ክሮሞዞም 20 በሁለቱም ቦታ አስመርምራችኋል? ከአንድ ክምችት መውጣቱ ዛሬም አንድ ነው ማለት አይደለም።

ፍካት

የዘርክር፣ አመሰግናለሁ። ክሮሞዞሙ በተለመደው ምርመራ ጤነኛ ነው፤ ያልከውን ቁራጭ ለብቻው አላየነውም። ለሁለቱም ላብ ጻፍኩ፤ ናሙናው በዚህ ሳምንት ይወጣል።

ሚዛን፣ "የማይመካከሩ ምስክሮች" ያልከውን ይዤዋለሁ። ጥያቄን፣ ህዋስንና መለኪያን መጋራት፤ ውጤትን ግን እስከ መጨረሻው አለመነጋገር ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ቫያሎቹን በኮድ ብንለውጣቸውና ማናችንም የትኛው የማን እንደሆነ ሳናውቅ ብንሠራስ?

ሚዛን

እንደዚያ ከሆነ ተቃውሞዬ በአብዛኛው ወድቋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ምን ብታዩ "ልዩነቱ የላብ ነው"፣ ምን ብታዩ "የህዋሱ ነው" እንደምትሉ ከመጀመራችሁ በፊት ጻፉትና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ውጤት ከታየ በኋላ ሁሉም ለራሱ የሚመች ማብራሪያ ያገኛል።

ሰነድ_ያዥ

በዩኒቨርሲቲ የምርምር ውል ክፍል ነው የምሠራው። ሳይንቲስቶች የሚረሱትን ላስታውስ፤ ህዋስ ድንበር የሚሻገረው ከወረቀት ጋር ነው። የናሙና ማስተላለፊያ ውሉ ብቻ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሙከራው ሲደርስ ሳይሆን ሐሳቡ ሲመጣ ጀምሩት።

የየአገሩ ሕግም አንድ አይደለም። ጀርመን በ2002 ባወጣችው ሕግ ከውጭ የሚገቡት የሰው ፅንስ ስቴም ሴሎች ከጥር 1 ቀን 2002 በፊት የተገኙት ብቻ ነበሩ፤ ቀኑ በ2008 ወደ ግንቦት 1 ቀን 2007 ተገፋ። አሜሪካ ከነሐሴ 2001 እስከ መጋቢት 2009 የፌዴራል ገንዘብ የምትሰጠው አስቀድመው ለነበሩ ላይኖች ብቻ ነበር። በዚያ ጊዜ አንዳንድ ላቦች በፌዴራል ገንዘብ የተገዛው ማይክሮስኮፕ የተከለከለውን ህዋስ እንዳይነካ ዕቃ በድርብ እየገዙ ክፍል ለይተው ይሠሩ ነበር። ቻይናም ከ2019 ጀምሮ የሰው ዘረመል ናሙናና መረጃ ወደ ውጭ የሚወጣበትን መንገድ አጥብቃለች። በ1984 በእንግሊዝ የዋርኖክ ኮሚቴ ያቀረበው የ14 ቀን ገደብ (የሰው ፅንስ ላብ ውስጥ ከ14 ቀን በላይ እንዳያድግ የሚለው) ብዙ አገሮች ዘንድ ሕግ ወይም መመሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ የዓለም አቀፉ የስቴም ሴል ምርምር ማኅበር በ2021 መመሪያው ፍጹም ክልክል ከሚባሉት ውስጥ አውጥቶታል፤ የሕዝብ ውይይትና ጥብቅ ግምገማ ይቅደም ብሎ። አገሮቹ ግን በየፊናቸው ናቸው። አንዱ ቤት የተፈቀደ ሙከራ ሌላው ቤት ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የለጋሹን የፈቃድ ቅጽ አንብቡ። ህዋሱ ከአገር ይውጣ ይላል? የዘረመል መረጃው ለሌሎች ይጋራ ይላል? ከህዋሱ ፅንስ መሰል ነገር ማሳደግ ይፈቀዳል? ብዙ ቆየት ያሉ ቅጾች የመጨረሻውን ጥያቄ አያነሱም፤ ሲፈረሙ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረምና። ለጋሹ ያልፈቀደውን ሁለት ላብ ቢስማሙበት የተፈቀደ አይሆንም።

የዘርክር

ሰነድ ያዥ ለጋሹን ማንሳቱ ልክ ነው፤ ከዚያው የሚያያዝ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በብዛት የምንጠቀምባቸው ሴል ላይኖች አብዛኞቹ ከአውሮፓ ዝርያ ለጋሾች የመጡ ናቸው። በ2017 የወጣው የብሪታንያው ሂፕሳይ (የአይፒኤስ ላይኖች ስብስብ ፕሮጀክት) ከ301 ጤነኛ ሰዎች 711 የአይፒኤስ ላይኖችን አስገኝቷል፤ ድንቅ ሥራ ነው። በ2022 ደግሞ ብዙ ላቦች ውጤታቸውን እንዲያነጻጽሩበት ተብሎ ኬኦኤልኤፍ2.1ጄ የሚባል አንድ የጋራ ላይን ቀርቧል፤ እሱም መነሻው ከሂፕሳይ ለጋሾች አንዱ ነው። የፍካትን ዓይነት ችግር ለማቅለል ይረዳል። ግን የአንድ ሰው ጂኖም ነው! መላው ዓለም በአንድ ሰው ህዋስ ላይ ተስማምቶ ያገኘው ነገር የሰው ልጅ ባሕርይ ይሁን የዚያ ሰው በምን ይታወቃል? የላብን ልዩነት ስናጠፋ የሰውን ልዩነትም አብረን እንዳናጠፋ እፈራለሁ።

በ2018 ከ58 የዮሩባ ተወላጆች ህዋሳት የአይፒኤስ ላይኖች ተሠርተዋል፤ መነሻ ናሙናዎቹ ለዘረመል ጥናት ተብለው ኢባዳን፣ ናይጄሪያ ውስጥ ቀደም ሲል የተሰበሰቡ ናቸው። ወደ ስቴም ሴልነት የመለሳቸው የአሜሪካ ቡድን ነው። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ የሰው የዘረመል ስብጥር በሰፊው የሚገኘው አፍሪካ ውስጥ ነውና። ቀጣዩ እርምጃ ግን ህዋሱ የወጣበት ቦታ ያለው ተመራማሪ ጥያቄውን አብሮ ማንሳቱ መሆን አለበት። ናሙና ሰጪ ብቻ የሆነ አጋር ጽሑፉ ላይ ስሙ ሃያኛ ቢሰፍርም አጋር አልለውም። ስብጥሩ የሚነግረንን ለመጠየቅ ሕዝቡንና በሽታዎቹን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ጀማሪ

ክሩን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። እኛ ጋ ፈሳሽ ናይትሮጅን ሁልጊዜ አይገኝም፣ ኢንኩቤተሩም አንድ ነው። እንዲህ ያለ ላብ ዓለም አቀፍ ትብብር ውስጥ በምን በኩል ይገባል? ኢንኩቤተር37፣ ካላስቸገርኩዎት ህዋስ ሲላክ በምን እንደሚመጣም ቢነግሩኝ።

ኢንኩቤተር37

ጀማሪ፣ ምንም ችግር የለም። ደረቅ በረዶ የሚይዘው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለአጭር መንገድ ያደርሳል እንጂ ለስቴም ሴል የሚመከር አይደለም። በዚያ ሙቀት ህዋሱ ውስጥ ያሉት የበረዶ ቅንጣቶች ቀስ በቀስ እያደጉ ይጎዱታል። ትክክለኛው መላኪያ ፈሳሹን ናይትሮጅን ግድግዳው ውስጥ መጥጦ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ከዜሮ በታች 150 ዲግሪና ከዚያም በላይ ቀዝቅዞ ለብዙ ቀን ይቆያል፣ አይፈስም። የሙቀት መመዝገቢያ አብሮ ይግባ፤ ጉምሩክ ቢያቆየው መዝገቡ ይነግራችኋል። ሲደርስ ለብቻው አቆዩት። ማይኮፕላዝማ (ህዋስን የሚበክል ጥቃቅን ባክቴሪያ) እንደሌለበት፣ የዘረመል አሻራውም የተባለው ላይን መሆኑን ሳታረጋግጡ ከሌላው ህዋስ ጋር አንድ ኢንኩቤተር ውስጥ አታስገቡት። አንድ ኢንኩቤተር ብቻ ካላችሁ ይህን በሌላ ላብ አስደርጉ።

ለዋናው ጥያቄህ፦ ህዋስ ሳይኖርህም በሙሉ አጋርነት መግባት ትችላለህ። በ2016 የተጀመረው የሰው ህዋስ አትላስ (የሰውን ህዋሳት ሁሉ ለመመዝገብ የተነሳ ፕሮጀክት) አብዛኛውን መረጃ የሚያስቀምጠው ለሁሉም ክፍት አድርጎ ነው። ሳህን ላይ ያደጉት ነርቮች ከእውነተኛው የሰው ህዋስ ጋር ምን ያህል ይመሳሰላሉ የሚለውን ጥያቄ ኮምፒዩተርና ጥሩ አእምሮ ያለው ሰው ሊመልሰው ይችላል። ገንዘብ ለመፈለግ ደግሞ መቀመጫው ስትራስቡርግ የሆነው የሂውማን ፍሮንቲየር ሳይንስ ፕሮግራም አለ። በተለያዩ አገሮች ያሉ ላቦች አብረው ለሚያነሱት መሠረታዊ ጥያቄ ገንዘብ ይሰጣል፤ አብረው ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ሲገናኙ ይበልጥ ይወደዋል። ደብዳቤህን ግን "መተባበር እፈልጋለሁ" ብለህ አትጻፍ። መረጃቸውን ከፍተህ ያየኸውን አንድ ነገር ጻፍላቸው፤ መልስ የሚያመጣልህ እሱ ነው።

ፍካት

የላባችን ስብሰባ ተካሄደ። ክሩን አሳትሜ ይዤ ገባሁ፤ ብቻችንን እንሥራ ያሉትም የክሮሞዞም 20ን ነገር ሲሰሙ ሐሳባቸው ለዘብ አለ። የተስማማነው፦ አንድ ቴክኒሻናችን ሄዳ እነሱ ጋ ትሠራለች፣ ቪዛው ቀጠሮ ላይ ነው። ከሁለቱም ክምችት የወጡ ቫያሎች በኮድ ተለውጠው ለሁለታችንም ይደርሳሉ። ከሌላ ለጋሽ የተገኘ ሁለተኛ ላይንም ይጨመራል፤ የዘርክር፣ ይህ ያንተ ክርክር ያመጣው ነው። የሚዛንን ወረቀት ሁለቱም ኃላፊዎች ፈርመውበታል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ፦ ኮዱን ማን ይያዘው?

ኢንኩቤተር37

ከሁለታችሁም ውጪ የሆነ ሰው። ሰነድ ያዥ ያለበት ዓይነት ክፍል እናንተም ጋ ካለ እነሱ ይያዙት፤ ህዋሱን አይነኩም፣ ውጤቱም አያጓጓቸውም። ቫያሎቹ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ፣ ከአንድ የዝውውር ቁጥር የታሸጉ ይሁኑ። ለእያንዳንዱ ኮድ ሁለት ቫያል ትርፍ አስቀምጡ፤ አንዱ ሲቀልጥ ቢሞትባችሁ ኮዱን ሳትፈቱ ተተኪ እንድታገኙ።